ኡም ሐቢባ፣ ቢሊሌ፣ ዓለም

ጫንጮ ውስጥ አረብ ሀገር የሄደች ልጅ ወይም እህት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በጎጃም መንገድ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች ወሬው ከተነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እስላም ሀገር ሴት ሰው መስላ አትታይም፤ ከሄደች አይቀር ፈረንጅ ሀገር ትሂድ» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ፈረንጅ ሴቱን አራቁቶ ለገበያ ከማቅረብ ሌላ ምን ሠራ? እዚያ ሴት ቢያንስ ጠባቂ አላት» ይለዋል። ክርክሩ ስኒው እስኪነሳ ይቀጥላል፤ አሸናፊ የለውም። ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት ሃይማኖትን ነው። እኔ ግን ሴቲቱ ልውጣ ስትል በሩ ይከፈትላታል ወይ፣ ተበደልኩ ስትል የሚሰማት ዳኛ አለ ወይ የሚለው ይበልጥብኛል። ታሪኩን ከጥንት ይዘን ብንወርድ መልሱ በአንዱ ወገን ደጅ ብቻ ተሰብስቦ አይገኝም።

መጀመሪያ ነገር፣ በጥንቱ ዘመን መጠጊያ ፍለጋ የሚመጣው ወደዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመካ ቁረይሾች በደል የበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ዘንድ ደረሱ። የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ሩቅያ አብራቸው ነበረች። ከስደተኞቹ ሴቶች መካከል ታሪኳ በዝርዝር የተጻፈላት ግን ረምላ ናት፤ በልጇ ስም ኡም ሐቢባ ትባላለች። አባቷ አቡ ሱፍያን ከመካ ባላባቶች አንዱ ሲሆን በዚያን ጊዜ የሙስሊሞች ዋነኛ ባላንጣ ነበር። ባሏ፣ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ሐበሻ ምድር ከገባ በኋላ ክርስትና ተቀበለ፤ ኋላም እዚያው ሞተ። ሴትዮዋ በሰው ሀገር ልጅ ታቅፋ ቀረች። ወደ አባቷ እንዳትመለስ አባቷ ጠላት ነው፤ ባል የላትም፤ ሃይማኖቷ የአገሬው አይደለም።

በዚህ መሐል ነቢዩ ሊያገቧት ፈልገው ለንጉሡ መልእክት ላኩ። ንጉሡ አብርሃ የምትባል አገልጋዩን ወደ ኡም ሐቢባ ሰደደና ፈቃዷን አስጠየቀ። ሴትዮዋ ደስታ አልቻላትም፤ የብር አምባሮቿንና ቀለበቶቿን አውልቃ ለአብርሃ ሰጠቻት፤ ለውሉም ዘመዷን ኻሊድ ኢብን ሰዒድን ወኪሏ አደረገች። ጥሎሹን፣ 400 ዲናር፣ የከፈለው ራሱ ንጉሡ ነው፤ ድግሱንም ደግሷል። በነጋታው ኡም ሐቢባ ከገንዘቡ ላይ ቀንሳ ለአብርሃ ልትሰጣት ብትል፣ አገልጋይቱ የትናንቱን ጌጥ ሳይቀር መለሰችላት፤ ምንም እንዳትቀበል ንጉሡ አዟት ኖሯል። ለነቢዩ ሰላምታ አድርሽልኝ ብቻ አለቻት።

ትረካውን የጻፉት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ አማኝ በእምነቱ፣ ታሪክ አጥኚም በሚዛኑ ያየዋል። እኔን የሚገርመኝ ውስጡ ያለው አሠራር ነው። ስደተኛ ሴት ፈቃዷ ተጠየቀ፤ ወኪል መረጠች፤ ገንዘቡ በእጇ ገባ፤ በኋላም በሰላም ወደ መዲና ተሸኘች። ክርስቲያን ንጉሥ ለሙስሊም ሴት ይህን ሲያደርግ የማን ሃይማኖት ለሴት ይሻላል ብሎ የተከራከረ ሰው አልተመዘገበም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተገለበጠ። ለብዙ መቶ ዓመታት ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት የእኛ ሴቶች ሆኑ፣ ያውም ተሸጠው። ከጊቤ ማዶ በጦርነትና በወረራ የተያዙ ልጆች በጎጃምና በጎንደር አድርገው ወደ መተማና ምጽዋ፣ በሸዋ በኩል ደግሞ ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ሻጩም ነጋዴውም ገዢውም አንድ ሃይማኖት አልነበረውም። ማራኪው የኛው ሰው፣ ቀራጩ የኛው ሹም ነው። ይህን ዘለው የአረብን ገበያ ብቻ የሚያወግዙ ሰዎች ታሪኩን ከግማሹ ነው የሚጀምሩት።

ከተነዱት አንዷ ቢሊሌ ናት፤ የኦሮሞ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1837 ካይሮ ላይ ስትሸጥ ገና ልጅ ነበረች። የገዛት ጀርመናዊው ልዑል ሄርማን ፎን ፒክለር ሙስካው ነው፤ በጉዞ መጻሕፍቱና ባስተከላቸው ውብ የአትክልት ስፍራዎች በአውሮፓ የታወቀ ሰው። ማህቡባ ብሎ ስም አወጣላት። ልብስ አለበሳት፤ ጣልያንኛ አስተማራት፤ በሶርያና በሊባኖስ ተራራ፣ በኢስታንቡል፣ በቪየና ይዟት ዞረ። የቪየና መኳንንት ሊያዩዋት ይጋፉ ነበር። ሙስካው የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1840 መስከረም ወር፣ ሳንባዋን ነቀርሳ ከጨረሰው በኋላ ነው፤ ጥቅምት 27 ቀን ሞተች። መቃብሯ እስከ ዛሬ ባድ ሙስካው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አለ።

ስለ እሷ የሚጽፉ አውሮፓውያን ብዙ ጊዜ የፍቅር ታሪክ ያደርጉታል። ፍቅር ይሁን አይሁን የምትመሰክረው እሷ ነበረች፤ የእሷ ቃል ግን የደረሰን በገዢዋ ብዕር ነው። በሙስሊም ገበያ ተሸጠች፤ ክርስቲያን ምዕራባዊ ገዛት። ጀርመን ምድር ስትገባ ባሪያ ናት የሚል ሕግ አልነበረም፤ ታዲያ ከዚያ ቤት ወጥታ የት ትሂድ? ማንን ታውቃለች? በየትኛው ገንዘብ?

ከእሷ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣችው አስቴር ጋኖ ዕድሏ ሌላ ሆነ። ከሊሙ በኩል ተወስዳ ወደ አረብ ምድር በጀልባ ስትጫን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን መርከብ ጀልባውን ያዘና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረከባት። እዚያ ፊደል ቆጠረች፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና የኦሮምኛ ማስተማሪያ አዘጋጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ጉልበቷንና ቋንቋዋን ሰጠች። ወለጋ ተመልሳ አስተማረች፤ ዕድሜ ጠግባ ሞተች። «ፈረንጅ ሀገር ይሻላል» ለሚለው ወገን ከእሷ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ግን ያችው ጣልያን ናት። ጀልባውን ያስቆመው ባንዲራ ጥቂት ቆይቶ ኤርትራን ቅኝ ያዘ፤ ከዚያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መኮንኖቹና ወታደሮቹ የአገሬውን ሴቶች እንደ ሚስት ያለ ሚስትነት መብት ያስቀምጡ ነበር፤ ራሳቸው «ማዳማቶ» ይሉታል። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1937 ይህን በእስራት የሚያስቀጣ ሕግ ሲያወጣ ለሴቶቹ አዝኖ አይደለም፤ የዘሩ ክብር እንዳይጎድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከጥቁር ሴት የወለደውን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ደጅ ቀሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ያስቀረ አዋጅ ወጣ። ሳዑዲ አረቢያና የመን የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1962፣ ኦማን በ1970 ነው። አዋጁ ገበያውን ዘጋ፤ መንገዱ ግን አልጠፋም።

አሁን ወደ ሕግ መጽሐፉ እንምጣ፤ ቡና ቤት ውስጥ የማይነሳው ክፍል ይህ ነው። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሕግ ያረቀቁት ምዕራባውያን ናቸው። የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጄኔቫው ሰው ዣን ግራቨን፣ የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አዘጋጁት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፤ ሚስትም በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ተባለ፤ የወንድ 18። ሰውየው ይህን ከእኛ ልማድ ብቻ አልቀዳውም፤ በፈረንሳይ ራሷ ባል «የቤተሰብ አለቃ» መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የግራቨን አገር ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ግን በ1950 ዓ.ም. ምርጫ መርጠው ነበር፤ ስንዱ ገብሩም በዚያው ምርጫ ፓርላማ ገብተዋል። ሙስሊሟ ኢትዮጵያዊት ከቃዲ ፊት መሐሯን (ጥሎሿን)ና የግል ንብረቷን መጠየቅ ትችል ነበር፤ እንግሊዛዊት ሚስት በስሟ ንብረት እንዲኖራት የተፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በሌላ በኩል ያችው ሙስሊም ሴት ከአባቷ ስትወርስ የወንድሟን እኩሌታ ታገኛለች። ሚዛኑ እንዲህ እያዘነበለና እየተመለሰ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው አንቀጽ ስለ ጠለፋ ነበር። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ ክሱ ይቀራል። ሱሉልታና ጫንጮ ሜዳ ላይ፣ አርሲም፣ ጎጃምም ሽማግሌ ሲላክ የነበረው ለዚህ ነው፤ ዕርቁ ካለቀ ፖሊስ ምን ያደርጋል። ይህን «የኋላ ቀር ባህል» ብለን ብቻችንን አንፈር። ሲሲሊ ውስጥ አልካሞ በምትባል ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል ልጅ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1965 ተጠለፈች፤ ላግባሽ ሲላት እምቢ አለች፤ ከሰሰች፤ ሰውየውም ተፈረደበት። ጣልያን ግን ያንኑ ዓይነት አንቀጿን የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሞሮኮ በ2014፣ ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ሰረዙት። ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም የቤተሰብን ስም ከልጅቷ አስበልጠው ቆይተዋል።

የእኛዋ ፍራንካ አበራሽ በቀለ ናት። በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት፤ 14 ዓመቷ ነበር። ከተቆለፈባት ቤት አምልጣ ስትሮጥ ጠላፊው ሲደርስባት በያዘችው ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ነገሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀና ራሷን ተከላክላለች ተብላ በነጻ ተሰናበተች። አገር ተነጋገረበት። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ተሻሻለ፤ ታዛዥነት ቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ጫንጮን የሚመለከተው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ተከተለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። አንቀጽ 620 ግን የመድፈር ወንጀልን «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ወሰነው፤ እንግሊዝ ይህን አጥር ያፈረሰችው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ጀርመን በ1997 ነው።

በነዚሁ ዓመታት «ኮንትራት» የሚለው ነገር በየሰፈሩ ገባ። ደላላው ቤት ለቤት ይዞራል፤ ፓስፖርት ይወጣል፤ በሬ ወይም መሬት ይሸጣል፤ ልጅቷ ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ የሚጠብቃት ከፋላ ነው፤ አሠሪዋ «ከፊል» ይባላል፤ መኖሪያ ፈቃዷ ከእሱ ስም ጋር ይታሰራል። ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። ፓስፖርቷ በማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የጠፋች እንደሆነ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም፤ ፖሊስ ሲያገኛት የሚጠይቃት ስለ ደረሰባት በደል አይደለም፣ ስለ ወረቀቷ ነው። ብዙዎች ይህን ከሸሪዓ የመጣ ያስመስሉታል። ታሪኩ ሌላ ነው፤ የባሕረ ሰላጤውን የስፖንሰር አሠራር በመንግሥት ደንብ መልክ ካስያዙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባሕሬን ላይ የዕንቁ ጠላቂዎችን ጉልበት ይቆጣጠሩ የነበሩ የብሪታንያ ሹሞች ይገኙበታል። የሊባኖስ የሥራ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1946፣ ፈረንሳዮች ለቀው በወጡበት ዓመት፣ የታወጀ ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ጥበቃ ያስወጣል።

ዓለም ደቻሳ የሄደችው በዚህ መንገድ ነው። ቤቷ ቡራዩ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ዕድሜዋ 33። እ.ኤ.አ. የካቲት 2012 ቤይሩት፣ ኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ሰው ፀጉሯን ይዞ መሬት ለመሬት እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲከታት አላፊ አግዳሚ ቀረጸው። አልሄድም ትላለች፤ ቆመው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ በሩ ደግሞ የራሷ አገር ቆንስላ በር ነው። ፖሊስ ወሰዳት፤ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አስገቧት። ቪዲዮው በሊባኖስ ቴሌቪዥን ማርች 8፣ የሴቶች ቀን ዕለት ታየ። ማርች 14 ቀን እዚያው ሆስፒታል ሕይወቷን አጠፋች። ቡራዩ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ሊባኖስ ውስጥ የገዛ ዜጎቿ ሰልፍ ወጡ፤ በሰውየው ላይ ክስ ተመሠረተ።

እሷ ከሞተች አንድ ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2012፣ እንግሊዝ የራሷን ደንብ ለወጠች። ከ1998 ጀምሮ ከውጭ ከአሠሪያቸው ጋር የሚገቡ የቤት ሠራተኞች በደል ሲደርስባቸው ቀጣሪ መቀየር ይችሉ ነበር፤ አሁን ቪዛው ለስድስት ወር ብቻ ሆነ፣ ያውም ከአንዱ ቀጣሪ ጋር ታስሮ። ከዚያ ቤት የወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች ማለት ነው። ለንደን ላይ ይህ ከፋላ አይባልም። ጩኸት በዝቶበት በ2016 ቀጣሪ መቀየር ቢፈቀድም ስድስት ወሩ አልተራዘመም። ሁለት ወር ብቻ የቀረው ቪዛ ያላትን ሴት ማን ይቀጥራል?

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥት ወደ አረብ ሀገር ለሥራ መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ደም ፈሰሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። እስከዚያው ልጆቹ በጅቡቲና በቦሳሶ በኩል ሄዱ፤ የከለከልነው መንገዱን አይደለም፣ ውሉን ነው።

አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ የቡና ቤቱን ክርክር ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2007 የመን ሰንዓ ውስጥ ትሠራ ነበር። አገሩ ሙስሊም ነው፤ የተቀጠረችበት ቤት ግን የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማት ቤት ነው። በዚያ ቤት ተይዛ ተደጋግማ ተደፈረች። የየመን ሕግ ዲፕሎማትን አይነካም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የተቀመጡ ዳኞች ሦስት ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱላት፤ በ2019 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው። የበደላት ምዕራባዊ ቤት ነው፤ የፈረደላትም ምዕራባዊ ችሎት ነው። የሚያጽናና አይመስለኝም፤ አሥር ዓመት ጠበቃ አግኝታ የዘለቀች ስንት አለች?

እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲገባ፣ አሠሪዎች ደመወዝ ያልከፈሏቸውን ሴቶች በመኪና እያመጡ ኢትዮጵያ ቆንስላ ፊት አራገፏቸው። ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ዳር አደሩ። በመስከረም የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ሠራተኛዋ ውል እንድታቋርጥና ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ የሚፈቅድ አዲስ መደበኛ ውል አወጡ፤ በጥቅምት የአገሩ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በአስመጪ ቢሮዎች አቤቱታ አገደው። በዚያው ወር አንዲት ኢትዮጵያዊት ቤይሩት ላይ በአሠሪዋና በአስመጪው ላይ የባርነት ክስ መሠረተች። ኳታር ደግሞ በዚያው ዓመት ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛም ጭምር፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንድትቀይር ፈቀደች። ሳዑዲ በ2021 ማሻሻያ ስታደርግ ግን የቤት ሠራተኞችን ተወቻቸው። ሁለቱም አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቋንቋ፣ ጎረቤታሞች ናቸው።

እኛም በ2011 ዓ.ም. አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አውጥተናል፣ ቁጥሩ 1156። ልክ እንደ ሊባኖሱ አንቀጽ 7፣ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጪ አድርጎ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አስተላለፈው። ስለዚህ ከጫንጮ በሚኒባስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ሰው ቤት የምትገባ ልጅ የሚመለከታት ሬኔ ዳቪድ በ1952 ዓ.ም. የጻፋቸው ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ አሠሪዋ አብራው ስትኖር ለጤናዋና ለመልካም ጠባይዋ እንዲጠነቀቅ ያዛሉ። ስለ ዕረፍት ቀኗና ስለ ደመወዟ የሚነጋገረው ደላላው ነው፤ ብዙ ጊዜ እሷ በሌለችበት። ቤይሩት የሄዱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀጠሩት እንዲህ ነው።